«ወረቀት ነው» ያልኩበት ጠዋት

በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ አንድ ማለዳ መገናኛ አካባቢ መንገዱ ተዘግቶ ቆሜ ሳለሁ ከጎኔ የቆመው መኪና መስኮት ወረደና አንድ የቆዩ ደንበኛዬ ብቅ አሉ። ለሁለት ልጆቻቸው ሰርግ የጥሪ ካርድ ያተምኩላቸው፣ ለድርጅታቸውም በየዓመቱ የቀን መቁጠሪያ የማዘጋጅላቸው ሰው ናቸው። ደኅንነታችንን ከተጠያየቅን በኋላ ዓይናቸው ከኋላ ወንበሬ ላይ በነጭ አቡጀዲ ተሸፍኖ ወደ ተከመረው ጭነት ሄደ። «ሥራ በዝቷል ማለት ነው፤ በጠዋቱ ምን ጭነህ ነው?» አሉኝ። የጫንኩት 240 እንጀራ ነበር። አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ «ወረቀት ነው» አለ።

የእኔም መስኮት ክፍት ነበር። ከምጣድ ከወጣ ሁለት ሰዓት ያልሞላው የጤፍ እንጀራ ሽታ መኪናውን ሞልቶ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ያን ሽታ ከወረቀት ሽታ የማይለይ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ያለ አይመስለኝም። እሳቸው አንድም ቃል ሳይጨምሩ «በል በርታ» ብለውኝ መንገዱ ሲከፈት ሄዱ። እኔ ሆቴሉ ደርሼ እንጀራውን እስካስረክብ ድረስ ጆሮዬ ይግል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዋሸት አቆምኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ወር ዋሽቻለሁ።

ማተሚያ ቤቱን የከፈትኩት በ2000 ዓ.ም. ነው። ሚሌኒየሙን ምክንያት አድርጎ የከተማው ሰው ሁሉ ቲሸርትና ፖስተር ያሳትም በነበረበት በዚያ ዓመት፣ አራት ኪሎ አካባቢ በተከራየሁት ጠባብ ቤት ውስጥ አንድ ያገለገለ ሃይደልበርግ ማሽን ተክዬ ጀመርኩ። ጥር ሲመጣ የሰርግ ካርድ፣ ነሐሴ ሲገባ የቀን መቁጠሪያ፣ በመሐሉ ደግሞ ደረሰኝና የሆቴል የምግብ ዝርዝር እያተምኩ ልጆቼን አሳደግሁ። በሰፈርም በዘመድም ዘንድ «ባለ ማተሚያ ቤቱ» ነበርኩ። ማተሚያ ቤት ከፊደል ጋር የተቆራኘ ሥራ በመሆኑ በአገራችን ክብር አለው፤ የልደት ካርድ እንኳ ብታትም ሰው መጽሐፍ እንደምታሳትም አድርጎ ነው የሚያይህ። ያን ክብር እንደ ራሴ ንብረት ቆጥሬው ስለ ኖርኩ፣ ከሥራው ጋር አብሮ ሊሄድ የሚችል ነገር መሆኑን አስቤው አላውቅም ነበር።

ሥራው የሞተው በአንድ ቀን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሰርጎችን አስቆመ፤ በኋላ ሰርጎቹ ሲመለሱ ካርዱ አብሮ አልተመለሰም። የጥሪ ካርድ በቴሌግራም የሚላክ ምስል ሆነ፤ ቀድሞ 500 ካርድ ያሳትም የነበረ ቤተሰብ ለሽማግሌዎችና ለንስሐ አባቱ የሚሆን 50 ብቻ ይጠይቀኝ ጀመር። ፕሌት፣ ማለትም ጽሑፉ የሚቀረጽበትን የማተሚያ ሰሌዳ፣ ለማውጣትና ማሽን ለማስተካከል የሚወጣው ወጪ ግን ለ50ውም ለ500ውም ያው ነው። ደብተሬ ይህን ሁሉ ቀደም ብሎ ነግሮኝ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። ወረቀቱም ቀለሙም ፕሌቱም ከውጭ የሚመጣ ሥራ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ እንጀራው ያመጣኝ ያው የማተሚያው ሥራ ነው። የምግብ ዝርዝሩን የማትምለት አንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ ዋጋ ለማስተካከል በየሁለት ወሩ በመጣ ቁጥር ያማርር የነበረው ስለ ሥጋ ወይም ስለ ዘይት ሳይሆን ስለ እንጀራ ነበር። አንድ ቀን ወፍራም፣ አንድ ቀን ዓይን የሌለው፣ አንድ ቀን ከሰዓት ሲሆን የሚደርቅ፤ ጤፉም ማኛ ነው እየተባለ ምን እንደ ተቀላቀለበት የማይታወቅ። «በየቀኑ አንድ ዓይነት እንጀራ የሚያመጣልኝ ሰው ባገኝ በዓመት ውል እፈርምለት ነበር» አለኝ። የእኔ ሙያ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የመጀመሪያውን ቅጠልና አምስት መቶኛውን ቅጠል አንድ ማድረግ ነበር። (በእርግጥ አታሚ በወረቀቱ ላይ አንዲት ነጥብ ሲያይ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው፤ እንጀራ ደግሞ ነጥብ ካልሞላው አይገዛም። ለዚህ ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል።) አእምሮዬ ወዲያውኑ ሒሳብ ጀመረ። ልቤ የነገረኝ ግን ሌላ ነው፤ «እንጀራ ሻጭ ሆነ ይሉሃል» አለኝ።

ይህን ፍርሃት ቋንቋችን በአንድ ቃል ይጠራዋል፤ ይሉኝታ። ቃሉ «ይሉኛል» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ የሚሉት እነማን እንደሆኑ ግን አይናገርም። ስማቸው ያልተጠራ፣ ቁጥራቸው ያልታወቀ «እነሱ» ብቻ ናቸው። ሆኖም «ይሉኝታ ያለው ሰው» ማለት ምስጋና፣ «ይሉኝታ ቢስ» ማለትም ከባድ ስድብ መሆኑን መዘንጋት የለብንም። ለዚህ ነው «ሰው ምን ይለኛል ማለትን ከራስህ አውጥተህ ጣል» የሚሉ የንግድ አሠልጣኞችን ስሰማ የማልስማማው። ይሉኝታ ባይኖር ዱቤ የሚባል ነገር ባልኖረ፤ ያለ ወረቀትና ያለ ማኅተም በቃል ብቻ የተበደርኩትን ገንዘብ በቀጠሮው ቀን እንድመልስ ያደረገኝም እሱ ነው።

በሥራ ማፈር ደግሞ የእኔ ብቻ ጠባይ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ ማለት የተለመደ ነበርና። አንድ ንጉሠ ነገሥት ለስድብ አዋጅ ማስነገር ግድ የሆነበት ነገር ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በዚያው ዘመን እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲከፍቱም፣ እህል በገንዘብ ገዝቶ በሰው ፊት መብላት እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር ቤቱ ሰው አጥቶ እንደ ሰነበተ፣ ምኒልክም መኳንንታቸውን አስከትለው እየሄዱ በልተው ሒሳብ በመክፈል እንዳስለመዱት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሆቴል መብላት ኩራት ሆኗል። እንጀራ ጋግሮ መሸጥ ግን ባሏ የሞተባት ወይም የተቸገረች ሴት ሥራ ተደርጎ መታየቱ አልቀረም፤ በዚህ ላይ ምጣዱ አጠገብ የቆመው ወንድ ሲሆን «ማጀት ገባ» የሚለው ይጨመርበታል። ማማ ፍሬሽ የተባለው ድርጅት እንጀራ በአውሮፕላን እየጫነ አሜሪካ ድረስ እንደሚልክ አውቅ ነበር፤ ማወቄ ግን ለጆሮዬ መጋል መድኃኒት አልሆነውም።

እንዲያውም «እነሱ» የምላቸው እነማን እንደሆኑ አጥብቄ ስፈልግ በመጀመሪያ ያገኘሁት ራሴን ነው። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንዲት ሴት እንጀራ ትሸጥ ነበር። እንግዳ ድንገት ሲመጣብን እናቴ «ከእንጀራ ሻጯ ዘንድ ሮጥ ብለህ አምስት አምጣ፤ ሰው እንዳያይህ በነጠላው ሸፍነው» ትለኝ ነበር። የምንሸፍነው ሙያ የለም እንዳንባል ነው እንጂ እንጀራው መጥፎ ሆኖ አልነበረም፤ እንግዶቹ በልተው ያመሰግኑ ነበር። ሴትየዋ በዚያ ምጣድ አራት ልጆች አሳድጋለች። እኔ ግን ለስንት ዓመት እጇ ላይ ሳንቲም እያስቀመጥኩ ስሟን አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም። በነጠላ መሸፈን የተማርኩት ከዚያ ነው፤ መኪናዬ ውስጥ ያለው አቡጀዲም የዚያው የነጠላው ልጅ ነው።

እንግዲህ መጋገሪያውን ኮተቤ አካባቢ በተከራየሁት ግቢ ስጀምር የአራት ኪሎውን ማተሚያ ቤት አልዘጋሁትም። ሥራ ስለነበረው አይደለም፤ ታፔላው እንዳይወርድ ነው። በወር የሚገባው ገንዘብ ኪራዩን የማይሸፍን ቤት ለስምንት ወር ክፍት አድርጌ አቆየሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሄጄ በሩ ላይ እቀመጥና ሰው እንዲያየኝ እጠብቃለሁ፤ አመሻሽ ላይ ወደ ኮተቤ ተመልሼ ሊጥ አያለሁ። የዚያን የስምንት ወር ኪራይ በኋላ ስደምረው ሁለት ተጨማሪ ምጣዶችና ሙሉ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ይገዛ ነበር። አንዱ ምጣድ ብቻውን ከሦስት ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ተራው የቤት መስመር ስድስት ምጣድ አይሸከምም፤ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ያስፈልጋል። ያን ለማስገባት የሚበቃው ገንዘብ ታፔላ ለማቆም ወጣ። ለይሉኝታ ብዬ ከከፈልኩት ሁሉ በብር ልቆጥረው የምችለው ይህን ብቻ ነው።

በብር የማልቆጥረው ደግሞ አለ። ኮተቤ ካሉት አምስት ጋጋሪዎች ጋር ሥራ ስንጀምር፣ ግቢው ሁለት በር ስለነበረው በዋናው መንገድ በኩል ሳይሆን በጓሮው በር እንዲገቡና ዱቄት የሚያመጣው መኪናም በዚያው እንዲመጣ አዘዝኩ። ምክንያት አልሰጠሁም። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠውና እርሾውን የምትይዘው ጋጋሪ፣ አብሲቱን እያማሰለች ቀና ሳትል «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ያፍሩብናል እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ በፍጹም!» አልኩ። ምን ሌላ ይባላል? እሷም «እንግዲያው የፊቱን በር ይክፈቱልን፤ የጓሮው መንገድ ጭቃ ነው» አለችና ማማሰሏን ቀጠለች። ሰው ይንቀኛል ብዬ ስፈራ እኔ አምስት ሰው ስንቅ መቆየቴን ከዚያ በፊት አላስተዋልኩም ነበር። በሩን በማግሥቱ አስከፈትኩ። አራት ኪሎ ያለው ታፔላ ግን አሁንም አልወረደም።

ያወረደው እቁብ ነው። በየቅዳሜው የምንጥለው የነጋዴ እቁብ ውስጥ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። በግንቦት ወር ዕጣው ወጣልኝ፤ ደስ ብሎኝ ዋሶቼን ስጠራ ሁልጊዜ የሚፈርምልኝ ጓደኛዬ «በዚህ ወር እኔም የገባሁበት ነገር አለ» ብሎ በትሕትና አፈገፈገ። ሌላውም ሰበብ አበጀ። የእቁባችን ዳኛ ሸምገል ያሉ የመርካቶ ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ሲበተን ወደ ጎን ጠሩኝ።

«ከስረሃል ይባላል፤ እውነት ነው?» አሉኝ ሳያዞሩ።

«ኧረ እኔ አልከሰርኩም ጋሼ» ብዬ ስለ እንጀራው ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ነገርኳቸው፤ ስንት እንደምጋግር፣ ከማን ጋር ውል እንዳለኝ፣ እስከዛሬ ለምን እንደደበቅሁት ጭምር። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ሰው እኮ እንጀራ ሸጠ ብሎ አላማህም። እንጀራ መሸጥህን ማን ያውቃል? የሚያዩት ማሽንህ ጸጥ ማለቱን፣ አንተ በሩ ላይ ቁጭ ማለትህን፣ ስልክ ሲደወልልህ አለማንሳትህን ነው። አንተ ያልነገርካቸውን እነሱ ሞሉት።»

ለዓመት ያህል ስፈራው የነበረው ሐሜት ሳይመጣ፣ ያልፈራሁት ሐሜት መጥቶ ነበር ማለት ነው፤ እሱንም የወለድኩት እኔው ነኝ። የሥራ ለውጥ የሚያስፈራን ሰዎች ሁለት ነገር አደባልቀን እንደምንፈራ የገባኝ ያን ቀን ነው። አንደኛው ፍርሃት እውነተኛ መሠረት አለው። በዱቤና በቃል በሚሠራ ገበያ ውስጥ «ከሰረ» የሚለው ወሬ ያልከሰረውን ሰው ሊያከስር ይችላል፤ አበዳሪው ሁሉ ሌላው ሳይቀድመው ገንዘቡን ሊያወጣ በአንድ ሳምንት ይመጣል፤ ዋስ ይጠፋል፤ ጤፍ አቅራቢው ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብለው አባቶቻችን የተረቱት ስም ከመቃብር በፊትም ገንዘብ ስለሆነ ይመስለኛል። ይህን ፍርሃት በድፍረት ማሸነፍ አይቻልም፤ በወሬው ፈንታ እውነተኛውን ነገር ቀድሞ ማድረስ እንጂ። ሁለተኛው ፍርሃት ግን ማፈር ብቻ ነው፤ ከደብተሬ ውስጥ አንዲት መስመር እንኳ የማይነካ፣ የሰርግ ካርድ ያተምኩላቸው ሰዎች በልባቸው ምን ይሉኝ ይሆን የሚል። ሁለቱን አንድ አድርጌ ስለያዝኳቸው ለኀፍረቱ ብዬ ስደበቅ ዱቤዬን ገደልኩት።

ስለዚህ በሰኔ ወር ደብተሬን ይዤ ገንዘብ የሚፈልግብኝን ሰው ሁሉ በአካል ዞርኩ። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው ዕዳዬን፣ አዲሱን ሥራዬን፣ ማሽኑን ልሸጠው መሆኑንና የምከፍልበትን ቀን ተናገርኩ። ስምንቱ ሰምተው ቀጠሮውን ተቀበሉ፤ እንዲያውም አንዱ የወረቀት አስመጪ «እኔም ከዚህ ሥራ ልወጣ እያሰብኩ ነው፤ ለማንም እንዳትነግር» ብሎ አሳቀኝ። ዘጠነኛው ግን ሙሉ ገንዘቡን በዚያው ሳምንት ጠየቀኝና የወረቀት መቁረጫ ማሽኔን ከዋጋው በታች ሸጬ ከፈልኩት። ተናግሮ ዋጋ አለመክፈል የለም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ለኀፍረቱ ግን ከምኒልክ የተሻለ መፍትሔ አላገኘሁም። ንጉሡ ስለ ሆቴል መብላት ክርክር ገጥመው ቢሆን ኖሮ ማንም የሚረታ አይመስለኝም፤ እሳቸው ግን ሰው እያያቸው በሉ። የንግድ ፈቃዴን ዘርፍ ልቀይር በሄድኩበት ቀን መዝጋቢዋ ቅጹን አንሥታ ወረፋው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «እንጀራ መጋገር ያሉት የትኛው ናቸው?» ስትል እጄን አነሣሁ። አንድ ወጣት ፈገግ ማለቱን አይቻለሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው ጎልማሳ ደግሞ «ጤፉን በኩንታል ስንት ነው የምትገዛው? ከየት ነው የምታስመጣው?» እያለ ተራዬ እስኪደርስ በጥያቄ አጣደፈኝ። ከፈገግታው ይልቅ ጥያቄው አድካሚ ነበር። የመኪናዬን አቡጀዲ ለንጽሕና ትቼዋለሁ፤ በጎኑ ግን የመጋገሪያውን ስምና ስልክ በትልቁ አጻፍኩበት። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት ማሽኑ ከመሸጡ በፊት በነበረው በመጨረሻው ሳምንት እኔው ራሴ ነኝ፤ ፊደሉ ያምራል፤ በዚህ አላፍርም።

ሁሉም ሰው ተቀበለኝ ማለት አይደለም። ሰላምታው የቀነሰ ዘመድ አለኝ። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ለማኅበር ጓደኞቿ «ልጄ የምግብ ድርጅት አለው» ነው የምትላቸው፤ ምን ዓይነት ምግብ እንደሆነ ከጠየቋት ቡና ልትቀዳ ትነሣለች። በሐምሌ ብርድ ሊጡ አልቦካ ብሎ እንጀራዬ ዓይን ባጣ ጊዜ ግን ከሰፈሯ ሁለት ታክሲ ይዛ መጥታ፣ እርሾውን ቀምሳ፣ «ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ አብሲቱም ቀጥኗል» ብላ አስተካክላልናለች። ሲመሽ በፊተኛው በር ልሸኛት ስል ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ ወጣች።

ባለፈው ጥር አንድ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ጥሪው የደረሰኝ በቴሌግራም ነው፤ ምስሉን ከፍቼ የፊደሉን አጣጣል ሳይ የድሮ ልማዴ ሆኖ ሦስት ስሕተት አገኘሁበት። አዳራሹ ውስጥ ከቡፌው አጠገብ ቆሜ ሳለሁ በመገናኛው መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ደንበኛዬ ሰሃናቸውን ይዘው መጡ። ሰላም አሉኝና ዙሪያውን ቃኝተው «ካርዱን አንተ ነህ ያተምከው?» አሉኝ።

«አይ፣ ካርዱን እንኳ እኔ አይደለሁም» አልኳቸው፤ «እንጀራውን ነው።»

ሰሃናቸውን አየት አደረጉ፤ አንድ ጉርሻ ቆርሰው በወጡ ነክረው ጎረሱ፤ አኝከው እስኪውጡ ጊዜ ወሰዱ። «ያን ቀንም ሸቶኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ፤ «ለልጅ ልጄ ክርስትና ይሆናል፤ ለ200 ሰው በስንት ታደርሰኛለህ?» ዋጋውን ነገርኳቸው። ስነግራቸው ድምፄን ዝቅ ማድረጌን ያስተዋልኩት እሳቸው «አልሰማሁህም» ብለው ጆሯቸውን ሲያስጠጉ ነው።